የመስታወቱ ጉልላት

ሽማግሌው በወጣትነታቸው የበረራ መሐንዲስ ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር የሚያበራቸውን አውሮፕላኖች ትሠራለች። ዘንድሮ የያዘችው አጎቷ የሠሩበትን ባለአራት ሞተር ነው፤ ውስጡ አየር ታምቆበት ከደመና በላይ መብረር ከቻሉት ከመጀመሪያዎቹ ባለፕሮፔለሮች አንዱን። ስህተቷን እንዲያርሙላት ጠራቻቸው።

መነጽራቸውን አጥልቀው ተቀመጡ። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ሲነሱ ሦስተኛው እንደ ድሮው ሲያስነጥስ ሳቃቸው መጣ። ከፍታው አሥራ ስምንት ሺህ ጫማ ሲደርስ ግን ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እይታውን ወደ ኋላ አዙረው ጣሪያው ላይ ካለው የመስታወት ጉልላት ሥር ያለውን ባዶ በርጩማ አዩ።

«እሱን የት አደረግሽው?» አሉ።

«ማንን ጋሼ?»

አውሮፕላኑን አሳርፈው፣ ሞተሮቹን አጥፍተው ሄዱ። በማግስቱም በሠልስቱም እየመጡ፣ እዚያው ከፍታ ላይ ሲደርሱ ቁልቁል ይመለሱ ጀመር። በአራተኛው ቀን ስትወተውታቸው ምስጢሩን አወጡት። እዚያ በርጩማ ላይ ቆሞ በመሣሪያ ፀሐይን እየለካ መንገዱን የሚያሳያቸው ናቪጌተር የልብ ጓደኛቸው ነበር። አንድ ቀን እዚያው ከፍታ ላይ ጉልላቱ ፈነዳ፤ ታምቆ የነበረው አየር ሰውየውን መዥርጦ ይዞት ወጣ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሽማግሌው መስታወቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አይተው፣ ጭረት ነው ብለው አልፈውት ነበር። ይህን ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

«ለሚስቱስ?» አለች።

ሚስቱ በሕይወት አሉ፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ተሳስመው ደህንነት ይጠያየቃሉ። ሽማግሌው ሞተሮቹን እንኳ ሳያጠፉ ተነሥተው ወጡ።

በማግስቱ አሮጊቷን ይዘዋቸው መጡ። ሁሉንም ነግረዋቸዋል። አሮጊቷ አላለቀሱም፣ አልተራገሙም፤ የቆመበትን ቦታ አሳየኝ ብቻ ነው ያሉት። ልጅቷ እይታውን ከጉልላቱ ሥር አደረገችላቸው። ስክሪኑ ዳር እስከ ዳር ሰማይ ሆነ።

«በዚህ ነው?»

«በዚህ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ሴትየዋ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተቀመጡ። ሽማግሌው ከኋላቸው ቆመው፣ ይቅርታም ይሁን እርግማን አንዲት ቃል ጠበቁ። ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ሴትየዋ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ነገም ታወጣኛለህ» አሏቸው።

ይኸው እስከ ዛሬ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። ሽማግሌውም አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። አውሮፕላኑን ያስነሳሉ፤ ሴትየዋ ቀና እንዳሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ «ትንሽ ከፍ አድርገው» ይሏቸዋል።