በሩ ከታች የሆነው ጎጆ

አባ ታንከርን የማያውቅ የሠፈር ሰው የለም። በየጣሪያው የተሰቀለው የውሃ ታንከር ከሞላ ጎደል የእሳቸው ሥራ ስለሆነ ስሙም ከዚያው ወጣላቸው። ብየዳ ላይ እጃቸው ወርቅ ነው፤ ምክር ላይ ግን ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል።

አንዲት ወጣት ሠዓሊ ከወርክሾፓቸው ፊት ለፊት ላለው ትምህርት ቤት የልጆች መጫወቻ ስትነድፍ የብረቱን ሥራ ለእሳቸው ሰጠች። ልጆች የአካባቢያቸውን ፍጥረት እየተጫወቱ እንዲያውቁ ነው ሐሳቧ፤ መንሸራተቻው እንቁራሪት፣ ዋሻው የምስጥ ኩይሳ፣ መሐል ላይ ደግሞ በቀጭን ፌሮ የተጠለፈ፣ ልጅ የሚያስገባ የወፍ ጎጆ። የልጅ ልጃቸው ይህን ስትሰማ ምን ትጠብቃለች፤ "ጎጆውን የሚሠራው አያቴ ነው" ብላ ለክፍሏ ልጆች ነዛችው።

ንድፉ ላይ የጎጆው አፍ ወደ ታች ነው። አባ ታንከር ሳቁ። "ወይ የዛሬ ልጆች፣ ገልብጣ ሳለችው።" አርባ ዓመት ታንከር የሠራ ሰው አፉ ወደ ታች የሆነ ዕቃ ከየት ያውቃል? ሳይጠይቁ በሩን ከላይ አደረጉት።

ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው ሠዓሊዋ መጥታ ጎጆውን ዞራ አየች።

"ጋሼ፣ በሩ ከላይ ሆነ እኮ።"

"ተገልብጦ ነበር። አስተካከልኩልሽ።"

አልተቆጣችም። መንገዱን አሻግራ ከወርክሾፓቸው በር ካለው ዛፍ ሥር አቆመቻቸው።

"እስቲ ቀና ይበሉ።"

የዚህ ዛፍ ወፎች ኩስ ሲጥሉባቸው ሲራገሙ ኖረዋል እንጂ ቀና ብለው አይተዋቸው አያውቁም። ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ብዙ ጎጆ ተንጠልጥሏል፣ የሁሉም አፍ ወደ ታች። አንዲት ቢጫ ወፍ ከሥር ሽቅብ ገባች።

"እባብ በቀላሉ እንዳይገባባቸው ነው" አለች ሠዓሊዋ።

አባ ታንከር ክው አሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለካ ለእሳቸው ኖሯል። ወዲያው የልጅ ልጃቸው ፊት ታያቸው።

"ለሌላ በያጅ ልትሰጪው ነው?"

"ለማን ብዬ? ወረቀት ብቻ ሰጥቼዎ መሄዴ የኔ ጥፋት ነው።"

ይህች ቃል አንጀታቸው ገባች። ሁለት ቀን ሙሉ ቀና ሳይሉ፣ አይ፣ ዛፉን ለማየት ብቻ ቀና እያሉ፣ የላዩን ደፍነው የታቹን ከፈቱ።

በምረቃው ዕለት የልጅ ልጃቸው ቀድማ ከታች ገባች። ብዙም ሳይቆይ ድምጿ ከውስጥ መጣ።

"አያቴ፣ እዚህ ላይ ያለው ጠባሳ ምንድን ነው?"

መምህራኑም ወላጆቹም ዞሩ። ሠዓሊዋ ሌላ ቦታ ታያለች፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም ነበር። ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው የለም።

"እሱማ አያትሽ የተሳሳተበት ነው። በሩን ከላይ ሠርቼው ነበር፤ ወፎቹ እባብ እንዳይገባባቸው ከታች እንደሚያደርጉት ያስተማረችኝ እሷ ናት።" ወደ ሠዓሊዋ ዞሩ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ከጎረቤቶቼ ጋር ያስተዋወቅሽኝ አንቺ ነሽ።"

ልጅቷ ጠባሳውን በጣቷ ነካች።

"እንግዲያው እባቡ በሩን የሚፈልገው እዚህ ጋ ነዋ።"

ወዲያው ግማሾቹ ልጆች እባብ ሆነው ጎጆው ላይ ወጡ፤ ጠባሳውን እየዳበሱ በር ያጣሉ፤ ወፎቹ ከውስጥ ይስቁባቸዋል። ሠዓሊዋ ጠባሳውን ልትሸፍንበት ያመጣችውን ቀለም ክዳኑን መልሳ ገጠመችበት።