በአንድ ባቡር የሄዱ ሦስት ቁልፎች

ልጅ ሳለሁ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አባቴ ከእድራችን ዳኛ ጋር ሲከራከር ሰምቼ ነበር። ግማሹ ጠፍቶብኛል። የእድሩ ድንኳን የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲከፍት ብለው ለሦስት ሰው ሰጥተዋል። ታኅሣሥ ላይ ሦስቱም ለቁልቢ ገብርኤል በአንድ ባቡር ተሳፈሩ። በማግስቱ ሰው ሞተ፤ ድንኳኑ እንደተቆለፈበት ቀረ። ዳኛው ምን ብሎ እንደመለሰ አላስታውስም። አባቴ ያለው ግን ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ «ሦስት ሰው መቼ መረጥን? አንዱን ሰው ነው ሦስት ጊዜ የመረጥነው።»

ገላን ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሬዲዮና ስልክ እጠግናለሁ። ሙያውን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ እየፈታሁ፣ እየጠየቅሁ፣ ይበልጡን ደግሞ ዝም ብዬ እየሰማሁ ነው። ጠዋት አባታችን ሆይ ደግሜ እከፍታለሁ፤ የቀረውን እሱ ያውቃል።

ባለፈው ማክሰኞ መርዋ መጣች። የጎረቤቴ የባለሱቁ የኑሪ ልጅ ናት፤ ኢንጂነር ሆናለች። ከባልደረቦቿ ጋር ዳቦ የምታክል ሳተላይት እየሠሩ ነው፤ የሳተላይቷ ሥራ ገጠር ከተተከሉ የዝናብ መለኪያዎች መረጃ መሰብሰብ ነው። ለጠፈር ተብሎ የሚሠራውን ቺፕ በጀታቸው አይነካውም። ስለዚህ መርዋ ተራውን የገበያ ቺፕ ሦስት አድርጋ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ሰካች፤ አንዱ ቢሳሳት የሁለቱ ድምፅ ይጸናል።

ሰሌዳውን ከምሳ ዕቃ ውስጥ ስታወጣው ሳልስቅ አልቀረሁም። እሷ ግን ፊቷ ጠቁሯል። ሲሞቅ ይደርቃል፣ ሥራ ያቆማል አለችኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ የሙቀት ፈተናውን ካላለፈ፣ ሮኬቱ ላይ የተያዘላቸው ቦታ ለሌላ ይሰጣል። አንዴ ከወጣ ደግሞ ጠጋኝ አይደርስበትም። እጄ ስለማይንቀጠቀጥ ብየዳውን እንዳድስላት ነበር የፈለገችው።

ብየዳውን ትቼ፣ ሲደርቅ እንዴት እንደሚያደርገው እንደገና እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። የትኛው ቺፕ ነው የሚቀድመው?

«የሚቀድም የለም፣ ጋሽ አምባው። ሦስቱም እኩል ነው ጸጥ የሚሉት።»

ያኔ ባቡሩ ትዝ አለኝ። ኃይል ከየት እንደሚያገኙ ስጠይቃት ለሦስቱም ኃይል የምታከፋፍል አንዲት ጥቁር ዕቃ አሳየችኝ፤ ከሰሌዳው ሁሉ ውዷ እሷ ናት፤ አንድ ጥሩ ይሻላል ብለው ከውጭ ያስመጧት። የሙቅ አየር መንፊያዬን አንስቼ በእሷ ላይ ብቻ ነፋሁ። የሦስቱም ቺፖች መብራቶች አብረው ጠፉ።

«ወላሂ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ኮዱን ስወቅስ ነበር» ብላ ሳቀች።

የቁልፉን ታሪክ ነገርኳት። ወዲያው አለቃዋ ጋ ደወለች፤ ኢንጂነር ተስፋሚካኤል ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ መጣ። የኃይሉን ክፍል የነደፈው እሱ ነው፤ ቆሞ ሰማን። ለእያንዳንዱ ቺፕ አንድ አንድ ርካሽ የኃይል ዕቃ እናድርግ ስንለው ርካሽ ይበላሻል አለ። አንዱ ይበላሽ፣ ሁለቱ ይቀራሉ አለች መርዋ። እሺ፣ ቦታስ? አለ እሱ።

ሰሌዳው ላይ ሊለቀቅ የሚችለው ቦታ አንዲት ትንሽ ካሜራ የተቀመጠችበት ብቻ ነበር። ካሜራው ለዝናቡ ሥራ አያስፈልግም፤ የተስፋሚካኤል የራሱ ናፍቆት ነው። ዋና የተማረበትን የአባ ሳሙኤልን ሐይቅ ከላይ ሊያነሳ፣ ፎቶውንም ለቀድሞ ትምህርት ቤቱ ልጆች ሊሰጥ ቃል ገብቷል። አንጀቴን በላውና ካሜራውን ላድንለት ብዬ፣ ውዷ ዕቃ ላይ ትንሽ ማራገቢያ ቢደረግላትስ አልኩ። መርዋ ለአክብሮት ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ጋሼ፣ እዚያ እኮ አየር የለም።»

ተስፋሚካኤልም ሳቀ። ከዚያ መንፊያውን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ነፋ። መብራቶቹ ጠፉ። አበራ፤ ደግሞ ነፋ፤ ደግሞ ጠፉ። ካሜራውን በአውራ ጣቱ ሲዳብሰው ቆየ።

«ይውጣ» አለ በመጨረሻ። «ለልጆቹ ግን ማንም እንዳይነግራቸው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሄጄ እኔው እነግራቸዋለሁ።»