ሁለት ሐይቅ ያለው ቤት

በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ደጃፍ በባዶ እግሬ ቆሜ እምላለሁ፤ በዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ምላሴ እንደ ግንቦት መሬት ትሰንጠቅ። ሌላ ጊዜ ሳወራ ትንሽ ቅመም ጣል እንደማደርግ አልክድም፤ ሰው ተክዞ ከሚውል ብዬ ነው። ይህ ግን ቅመም አይሻም። ደግሞም ምስክር አለኝ። ይግዛው ይባላል። በሰቆጣ ገበያ ቀን አበዛሽ ጠላ ቤት ብትገቡ፣ ከበሩ በስተግራ፣ ጉልበቱን አቅፎ መደብ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። አያወራም። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር «እንዲህ አይደለም ወይ ይግዛው?» እለዋለሁ። እሱ ዝም ይላል። እኔም አንድ ጣሳ ጠላ አስቀዳለታለሁ። ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የት ይገኛል?

በ1965 ዓ.ም.፣ ጥር እንደገባ በዋለው የመጀመሪያ ገበያ፣ ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣውን ማሬን ይዤ እዚያው አበዛሽ ቤት ገባሁ። ማሬ የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነው። መርፌ እየወጋ ጥቂት አጠራቅሟል፤ ቤት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የሚሸጥ ቤት አለኝ። ከላስታ እስከ ተከዜ፣ በቅሎም ሆነ ቤት፣ በእኔ በጓንጉል አፍ ሳያልፍ የተሸጠ የለም፤ ይህን ማንም ያውቃል።

«ቤት ብቻ አይደለም የማሳይህ፣» አልኩት ገና ሳንቀመጥ። «ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ወደ አበርገሌ ቁልቁለቱን ስትይዝ። ጣሊያን በገባ ጊዜ አንድ ጄኔራል ያሠራው የድንጋይ ቤት፣ ቆርቆሮው ከሩቅ ሲታይ ዓይን የሚያጠፋ። ከቤቱ በታች ሁለት ሐይቅ አለ። ሐይቅ ነው ያልኩህ! ከዳር እስከ ዳር በቅሎ ስትዋኝ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ጄኔራሉ ከተከዜ ዓሣ በበርሜል አስጭኖ ለቀቀበት።»

«ዓሣው አሁንም አለ ጋሼ ጓንጉል?» አለ ማሬ።

«አንድ ጊዜ አልቆ ነበር። እንደገና ተራብቷል።»

«በምን አለቀ?»

አበዛሽ ከማድጋው አጠገብ ሆና ሳቀች። «ጠየቅኸው? በቃ፣ እስኪመሽ ከዚህ አትነሣም።»

ጠጪዎቹ ወንበራቸውን አስጠጉ። እኔም ጉሮሮዬን በጠላ አርሼ ጀመርኩ።

ጣሊያን ሲባረር ቤቱ ለዘበኛው ቀረ። ዘበኛው ሲሞት ለሚስቱ፣ ለእመት ወለተ ሐና ቀረ። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፤ ያላት ይግዛው ብቻ ነው። ከብት ይጠብቅላታል፣ እንጨት ይፈልጥላታል። ቤቱ በላይዋ ላይ መፍረስ ሲጀምር ልሽጠው አለች። ገዢውን ያመጣሁላት እኔ ነኝ፤ አቶ በዛብህ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ፣ የዘጌ ሰው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ሰቆጣ ሲመደብ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ዓሣ ዓሣ እያለ ከሳ። እኛ እዚህ ደጋው ላይ ዓሣ የምናውቀው በወሬ ነው። «ሁለት ሐይቅ ሙሉ ዓሣ» ስለው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እግሬ ላይ ሊወድቅ ነበር።

ወስጄ ሳሳየው፣ ሐይቁን እንዲህ እንደማወራላችሁ ሳወራለት፣ ሴትዮዋ ከበሩ ብቅ አለች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች። ነጠላ ስላችሁ፣ በመላው ዋግ እንደሷ የምታነጣ ሴት አልነበረችም።

«ልጄ፣» አለችው፣ «እሱን አትስማ። ሐይቅ አይደለም፣ ኩሬ ነው። በበጋ ዝቅ ይላል። ዓሦቹም መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ናቸው። ይህ ሰውዬ እውነት ከተናገረ የሚታመም ይመስለኛል።»

አቶ በዛብህ ሳቀ። በእኔ! እስከ ትግሬ ድረስ ስሜ የሚጠራ ሰው በአንዲት ባልቴት አፍ ተዋረድኩ። እዚያው ቆሜ «ቆይ ብቻ» አልኩ፤ በሆዴ ነው ያልኩት፤ ግን ተራራው ሰምቶኛል።

ዋጋውን ልተወው። ነገሩ ያለው ውሉ ላይ ነው። ሴትዮዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ትልቁን ቤት ውሰድ። ማድ ቤቱ ግን እስክሞት የእኔ ይሁን። ባለቤቴ ማዶ ካለችው ማርያም ነው ያረፈው፤ ከጎኑ ልቀበር። ከዚህ ከራቅሁ ማን ተሸክሞ ያመጣኛል?»

አቶ በዛብህ እሺ አለ። እሱም አንድ ነገር ጠየቀ። «እኔ ሥራዬ ሰቆጣ ነው፤ በሳምንት አንዴ ነው የምመጣው። ዓሦቹን ይጠብቁልኝ። በእርስዎ እጅ ጥፋት ከመጣባቸው ግን ውሉ ይፈርሳል፤ ማድ ቤቱን ይለቃሉ።» ተጻፈ። አሻራዋን አተመች። እንግዲህ የሴትዮዋ መኖሪያም መቀበሪያም በዓሣ ጅራት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

«እንዲህ አይደለም ወይ ይግዛው?» አልኩ። ይግዛው ጣሳውን ያያል።

ሴትዮዋ ዓሦቹን እንደ ጽላት ጠበቀቻቸው። ልብስ የሚያነጣው እንዶድ ዓሣ እንደሚገድል ስለምታውቅ፣ ስታጥብ ውኃውን በእንስራ ቀድታ፣ ከኩሬው ስድሳ እርምጃ ቁልቁል ወርዳ፣ ጠፍጣፋ አለት ላይ ነበር የምታጥበው። አረፋው ወደ ገደሉ ይወርዳል። በሰባ ዓመቷ እንስራ ተሸክማ ስድሳ እርምጃ! እኔ ይህን አየሁ፤ አየሁና ምን እንደማደርግ ገባኝ።

ጊዜውን መረጥኩ። ልክ እንደዛሬው ጥምቀት ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ያን ሰሞን ዋግ በሙሉ እንዶድ ይወቅጣል፤ አንተ ወቀጥክ፣ አንቺ ወቀጥሽ የሚል የለም። አንድ ቀን ሴትዮዋ ለቀብር ወደ ማዶ ተሻገረች። ይግዛውም ከብት ጋ ነበር። ሰባት ቁና እንዶድ ወቅጬ በአህያ ጭኜ መጣሁ። ሰባት! ሁለቱን ሐይቅ እንደ ጠላ ጉሽ አስደፈቅኋቸው። ሰዓትም አልቆየ፤ ሦስት ሺህ ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ውኃው አይታይም ነበር። አሞራ ከአበርገሌ፣ ከጋዝጊብላ፣ ከስሜን ተጠራርቶ መጣ፤ ፀሐዩ ጨለመ።

ጠላ ቤቱ በሳቅ ተናጠ። ማሬ ግን አልሳቀም፤ አዲስ ነው።

«ታዲያ ሴትዮዋን ማን ከሰሳቸው?» አለ።

«እሱ ነው እኮ ጣዕሙ! ማንም አልከሰሳት። አቶ በዛብህ በዚያው ቀን፣ ሴትዮዋ ከቀብር ከተመለሰች በኋላ ደረሰ፤ እኔ ከወይራው ጀርባ ሆኜ አያለሁ። ዓሣውን አየ። ዞር ሲል ነጠላ ቁጥቋጦ ላይ ተሰጥቷል፤ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። በማለዳ አለቷ ላይ አጥባ ያሰጣችው ነው። ‹ማነው ያጠበው?› ብሎ ጮኸ። ይግዛው ከበስተኋላ ቆሟል፤ እንደ ግንድ ደርቋል። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ነጠላውን አየች፣ አንድ ጊዜ ይግዛውን አየች፣ ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹እኔ ነኝ› አለች! ‹ኩሬው ውስጥ?› አላት። ‹ኩሬው ውስጥ› አለች! ያላደረገችውን! እርጅና አዙሯት፣ ድንጋጤ አዙሯት፣ የእኔን ጥፋት ብድግ አድርጋ ተሸከመችው። ከወይራው ጀርባ በሳቅ ልሞት ነበር፤ ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ።»

«ስትወጣ ግን ምን ይዛ እንደነበር ንገራቸው፣» አለ አንዱ ጠጪ፤ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል።

«ሙቀጫዋን! አቶ በዛብህ ‹ፀሐይ ሳትጠልቅ› አላት። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መርጣ ሙቀጫዋን በጀርባዋ አዘለች፤ እንደ ልጅ በዚያች በእርጥብ ነጠላ አስራ። አንዲት ዶሮ በብብቷ። ዳገቱ መሀል ዶሮዋ አምልጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ዶሮዋ ከእሷ የተሻለ ውል ነበራት!»

ሰዉ እየሳቀ መደቡን መታ። አበዛሽ እንኳ እየቀዳች ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«መጨረሻቸውስ?» አለ ማሬ።

«ሰቆጣ መጥታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከለማኞቹ ጋር ተቀመጠች። በሁለተኛው ክረምት ሞተች። ከባሌ ጎን ልቀበር ያለችው ሴትዮ ከሁለት ዕውራንና ከአንድ ሽባ ጎን ተቀበረች። ባሏ ዝምተኛ ነበር፤ እነዚህ ግን ጨዋታ አዋቂ ናቸው አሉ፤ ተጠቅማለች።» ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ። «በል እንግዲህ ወንድሜ ማሬ። አቶ በዛብህ ተቀይሮ ሊሄድ ነው፤ ቤቱን ይሸጣል። ነገ እንውረድ?»

«ማድ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣» አለ ማሬ።

«አለ። ይኸው ነው።» ይግዛውን በጣሳዬ አሳየሁት። «ሴትዮዋ ስትባረር አቶ በዛብህ ዓሣ ጠብቅ ብሎ እሱን አስገባው። ውሉ ያው የእሷው ነው፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ። ዓሣው ካለ እስኪሞት ይኖራል።» ወደ ማሬ ጆሮ ጠጋ አልኩ፤ ድምፄን ግን ሁሉም እንዲሰማኝ አድርጌ ነው። «እሱ አያሳስብህ። ጥምቀት እየመጣ ነው። እንዶድ እንደሆነ በዋግ አይጠፋም፤ እጄም ሙያውን አልረሳም። እንዲህ አይደለም ወይ ይግዛው?»

እንደገና ሳቁ። አበዛሽ የይግዛውን ጣሳ ልትሞላ ጎንበስ አለች። ይግዛው መዳፉን ጣሳው አፍ ላይ አደረገ።

«እንዲህ አይደለም፣» አለ።

ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አፉን የፈታው በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ በኻምጣኛ ስለሆነ አማርኛውን አንድ በአንድ እየለቀመ ነው የሚናገረው። ብዙዎቹ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም።

«ምኑ?» አልኩት።

«ሁሉም። አንተ ያን ጊዜ እዚህ አልነበርክም፤ በሰው ፍየል ተከሰህ አበርገሌ ተደብቀህ ነበር። አቶ በዛብህ ቤቱን ራሱ መጥቶ ጠይቆ ነው የገዛ። ደላላ አልነበረውም። እመት ወለተ ሐና አንተን አያውቁህም። ስምህንም ጠርተውት አያውቁም።»

«ይህ ሽማግሌ ሰክሯል፣» አልኩ። የሳቀ የለም።

«አባ ይግዛው፣» አለች አበዛሽ ማድጋዋን ደግፋ፣ «ታዲያ ዓሣው በምን ሞተ? ይንገሩን እስቲ።»

ይግዛው እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«ለቀብር ሄዱ። ለጥምቀት ነጠላቸውን አጥቤ ልቆያቸው ብዬ። ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የእኔንም የሚያጥቡልኝ። እግሬ ቆስሎ ነበር፤ እንስራ ይዤ እስከ አለቱ መውረድ አቃተኝ። አንድ ነጠላ ነው፣ ምን ያደርጋል ብዬ ኩሬው ውስጥ በእንዶድ አጠብኩት። የላይኛው ኩሬ ወደ ታችኛው ይፈሳል። አላሰብኩም።»

ማሬ ጣሳውን አስቀመጠ።

«ሲመለሱ እጄን አዩት። ‹እጅህን ታጠብ፣ ይሸታል› አሉኝ። ሌላ አላሉም። ጌታው መጥቶ ሲጮህ ‹እኔ ነኝ› አሉ። እኔ አፌ ውስጥ ነበር ቃሉ። አልወጣም። እሳቸው ያጠቡት ቢሆን ኖሮ ነጠላው ይነጣ ነበር፤ ጥለቱ ላይ የጭቃ ዕድፍ ቀርቶበት ነበር። ጌታው ልብ ብሎ ቢያየው ያውቅ ነበር። አላየውም። ሙቀጫውን ሳሳዝላቸው ‹እኔስ ቢያንስ አማርኛ አውቃለሁ፣ ለምኜ እበላለሁ፤ አንተ የት ትሄዳለህ?› አሉኝ። እኔም ማድ ቤቱ ገባሁ።»

ከውጭ የገበያው ጫጫታ ይሰማል። የሆነ ሰው አህያ ይፈልጋል።

«ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«አንተ ‹እኔ ነኝ› ስትል ለዚያች ቀን ይቀለኝ ነበር። ጠላህንም እጠጣ ነበር።» በግድግዳው ተደግፎ ተነሣ። ወደ ማሬ ዞረ። «ልጄ፣ ስለ ማድ ቤቱ አትቸገር። ዛሬ እለቃለሁ። ልብስ የሚያጥብልህ ሰው ብቻ አለቱን አሳየው።»

ማሬ ብድግ ብሎ መንገድ ለቀቀለት። ከዚያ ጠየቀው፤ «ዓሣው በእውነት ሦስት ሺህ ነበር አባ?»

ይግዛው በሩ ላይ ቆመ።

«ሠላሳ አንድ፣» አለ። «ቆጥሬ የቀበርኳቸው እኔ ነኝ።»