ያልተዋጠው የተናኘ ክኒን

ተናኘ ከኒው ሜክሲኮ ተራራ ስትመለስ ኦክላንድ ያለው ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «ምነው ከሳሽ?» አላት። እሷ ግን የሯጭ ክሳት ነው ብላ ደስ አላት። የሁዳዴን እኩሌታ እዚያ ከፍታ ላይ ስትሮጥ ነበር ያሳለፈችው። ቅዳሜ ሳን ሆዜ ላይ በሚደረገው ውድድር ከሦስቱ ቀዳሚዎች አንዷ ከሆነች የአንድ ኮሌጅ የሩጫ ቡድን ይቀበላታል፤ ካልሆነች በምትሠራበት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሕመምተኛ ማገላበጧን ትቀጥላለች። ዕድሜዋም ሌላ ዓመት የሚጠብቃት አልነበረም።

አሠልጣኟ ጋሽ ጥሩነህ የድሮ ሯጭ ነው። ከመሄዷ በፊት ደሟን አስመርምሮ የብረት ክምችቷ ማነሱን ሲያይ ሐኪሙ የብረት ክኒን አዘዘላት።

«ስሚኝ» አላት ጋሽ ጥሩነህ፣ «ከፍታው ሰውነትሽን አዲስ ደም ሥራ እያለ ፑሽ ያደርገዋል። ደም ደግሞ ያለ ብረት አይሠራም። አንድ ቀን እንኳ ስኪፕ እንዳታደርጊ! ባዶሽን ከወጣሽ ድካም ብቻ ነው ይዘሽ የምትወርጂው።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች። እሺ ማለቱስ ምን ገዷት!

ነገሩን ያበላሸችው የሥራ ጓደኛዋ ዘቢባ ናት፤ ያውም በቅንነት። ተናኘ ወደ ተራራው ከመሄዷ በፊት ምሳ ላይ የክኒኑን ብልቃጥ አገላብጣ አነበበችና፣ «አንቺ፣ ይሄ እኮ ጄላቲን አለው! ከከብት ወይ ከአሳማ ነው የሚሠራው። እኔ አልነካውም፤ አንቺ ደግሞ ፋስቲንግ ላይ ነሽ» አለቻት።

ተናኘ ክው አለች። በዚህ ውድድር እንድትረዳት ብላ ሁዳዴን ምንም ሳትሸራርፍ ልትጾም ለእመቤቴ ማርያም ቃል ገብታለች። ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ ቀይ ሥር ተያያዘች። ቀይ ነዋ! እሱ ደም ካልሠራ ምን ሊሠራ ነው? ተራራው ላይ ጧት ማታ ቀይ ሥር በላች፤ ጋሽ ጥሩነህ በደወለ ቁጥርም «እየዋጥኩ ነው» አለችው።

ቅዳሜ ውድድሩ ሲጀመር እግሯ ታዘዘላት። ከግማሹ በኋላ ግን እግሯ የሌላ ሰው እግር ሆነባት፤ ትንፋሿም አልሞላ አለ። ልጃገረዶቹ አንድ በአንድ አለፏት። ስትጨርስ ስንተኛ ወጣሽ ያላት እንኳ አልነበረም።

ጋሽ ጥሩነህ ጃኬቱን አለበሳትና የታችኛውን የዐይኗን ቆብ ገልበጥ አድርጎ አየ። ውስጡ ደም የራቀው ነጭ ነበር።

«አልዋጥሽውም» አላት፤ መቆጣት እንኳ አቃተው። እሷም አንድም ሳትደብቅ ነገረችው።

ቤቷ ስትገባ ለንስሐ አባቷ ለአባ ገብረ ሥላሴ ደወለች። ከሰሟት በኋላ፣ «ልጄ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማን ከለከለሽ?» አሏት። «ብትጠይቂኝ ዋጪው አልልሽም ነበር? ምነው ሳትጠይቂኝ?»

ተናኘ ዋጪው እንደሚሏት ታውቅ ነበር። ያልጠየቀቻቸውም ለዚሁ ነው፤ እሳቸው ከፈቀዱላት ለእመቤቴ የምትሰጣት ምን ይቀራታል?

«ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ፣ አባቴ» አለች። ሜዳው ላይ ያልወጣው እንባዋ ያን ጊዜ ዱብ ዱብ አለ።