ዘጠና ክንድ ገደል

እርጉዟ ፍየሌ በገደሉ ጎን ባለችው ቀጭን መንገድ ወረደች። ወዲያው መንገዱ ከኋላዋ ተናደና ታች ያለ ጠባብ እርከን ላይ ቀረች። ገደሉ ሆዱን ስለነፋ ከላይ አትታይም፤ ጩኸቷ ብቻ ነው የሚሰማው።

ልጄ ወንዴ የገደል ማር ቆራጭ ነው። ገመዱን ከወይራ ግንድ ጋር አሰረ። ቆራጭ ገመዱን በእጁ ይዞ እየተንሸራተተ ይወርድና ታች ሲደርስ ወገቡን አስሮ “ሳቡ!” ይላል። እርከኑ ጋ ሳይደርስ ገመዱ ካለቀ ግን እጁ እስኪዝል ተንጠልጥሎ መውደቅ ነው።

የገደልን ልክ የሚያውቀው እንደ አባቱ ድንጋይ ለቆ ታች እስኪያርፍ በመቁጠር ነው። ከፍየሏ ራቅ አድርጎ ድንጋይ ለቀቀ። ሴት ልጁ ፋና በስልኳ ሰዓት ያዘችለት። ሦስት ሰከንድ።

“የአምናው ገደል ሁለት ሰከንድ ነበር፤ በገመድ ስለካው አርባ ክንድ ሆነ” አለ ወንዴ። “ለአንዱ ሃያ ማለት ነው። ይኸኛው ስልሳ ነው፤ ገመዴ ሰባ። ይበቃል!”

“አባዬ፣ ዘጠና ነው!” አለች ፋና።

ጎረቤታችን ሙሉሃብት ሳቀ። “አሥረኛ ክፍል ገባችና ገደሉን አረዘመችው!” ሙሉሃብት ሁልጊዜም ከጭንቅላቱ ጥርሱ ይቀድማል።

“ድንጋይ እየፈጠነ ነው የሚወርደው። መሬት ትስበዋለቻ! በመጀመሪያው ሰከንድ አሥር ክንድ፣ በሁለተኛው ሠላሳ፣ በሦስተኛው ሃምሳ” አለች ፋና።

“ያው ድንጋይ ምን አግኝቶ ይፈጥናል?” ብሎ ወንዴ ወደ አፋፉ ሄደ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጭንቅላት ግን አለኝ። ከጉልበቴ ላይ ድንጋይ እግሬ ላይ ቢወድቅ እራገማለሁ። ያው ድንጋይ ከጣራ ቢመጣ አጥንቴን ያደቀዋል። ድንጋዩ መንገድ ላይ አልወፈረም! ፍጥነት ነው የጨመረው!

“ወንዴ! እጅህን ከገመዱ አንሳ!”

“እማ፣ የልጅ ወሬ ሰምተሽ...”

“እሷስ ልጅ ናት፤ አንተ ምን ሆነህ ነው? ጫፉ ላይ ድንጋይ አስርና ልቀቀው። ድንጋዩ መሬት ነክቶ ገመዱ ከረገበ ትወርዳለህ።”

እያጉረመረመ ለቀቀው። ስልሳ ክንድ አለፈ፤ ገመዱ እንደተወጠረ ነው። ሰባው አለቀ። ድንጋዩ አሁንም መሬት አልነካም። የወንዴ ፊት አመድ መሰለ።

እኔ እልል አልኩ! “ፋና፣ አራተኛውስ ሰከንድ?”

“ሰባ ክንድ፣ እምዬ።”

በጣቴ ቆጠርኩ። አሥር፣ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ሰባ... “መሬት በየሰከንዱ ሃያ ትጨምርበታለች! አምስተኛው ዘጠና ነው፣ አይደል?”

“ነው እምዬ! ነው!” ተቃቅፈን ዘለልን። በዚህ ዕድሜዬ፣ አፋፍ ላይ!

“ሙሉሃብት፣ ምን ይገትርሃል? የአህዮችህን መጫኛ ገመድ አምጣ!” አልኩት። ሮጠ። ሠላሳ አምስት ክንድ ቀጠልንበት። ድንጋዩ ዘጠናን አልፎ አንድ ክንድ ያህል እንደወረደ ገመዱ ረገበ። ፋና ጮኸች፤ እኔ ከእሷ በልጬ ጮኽኩ።

ወንዴ ወረደ። እኔ አፋፉ ላይ በደረቴ ተኝቼ አዳመጥኩ።

“ደረስኩ!” አለ ከታች። “ፍየሏ ደህና ናት! እማ፣ ፋናን...”

“አታውራ! ወገብህን እሰር!” አልኩና ገመዱን ከሁሉም ፊት እኔ ያዝኩ።