ድርብ ሰረዝ

ነፃነት ጠዋት ቀበና ካለው ቤቷ ወጥታ ለታክሲ ተሰለፈች፤ ጉርድ ሾላ ቢሮዋ ስትደርስ የእንጦጦ ጉም ገና አልተገፈፈም ነበር። የሥራ ባልደረባዋ ሱፊያን ቀድሟት ገብቷል። ቢሮው ሁሉ የሚጠብቀው አዲሱን ኮምፓይለር ነው፤ የጻፉትን ኮድ ኮምፒዩተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚተረጉመውን ፕሮግራም። እሷን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። አዲሱ ኮምፓይለር የሚሠራው ከአዲሱ የኮድ መጻፊያ ጋር ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ባሏ ሕሩይ ከመሞቱ በፊት ለአሮጌው መጻፊያ የሠራላትን ትንሽ ፕለጊን፣ መጻፊያው ላይ የሚታከል ፕሮግራም፣ ላይቀበል ይችላል።

ነፃነት ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳትመልስ ኮድ የመጻፍ አመል አለባት። ኮዱ በሚፈልገው የእንግሊዝኛ ምልክት (;) ፈንታ የአማርኛውን ድርብ ሰረዝ (፤) ባስገባች ቁጥር ፕለጊኑ፣ ሕሩይ ሲያሾፍባት በሚጠራት ስም፣ «የቀበናዋ፣ ደብዳቤ ነው እንዴ የምትጽፊው?» ይላታል።

«ወጣ» አለ ሱፊያን። «ነፂ፣ ጫኚው እንጂ። አይነክስሽም።»

ከነአዲሱ መጻፊያ ጫነችው። አረንጓዴው መስመር እየተሳበ ሄዶ ሞላ። ሆን ብላ ድርብ ሰረዝ አስገባችና እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

በእንግሊዝኛ «የማይታወቅ ምልክት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። ሌላ ምንም አልመጣም።

«ይሄማ ስህተቱን ራሱ ይይዝልሻል፤ ፕለጊን ምን ያደርግልሻል?» አለ ሱፊያን ደስ ብሎት።

«እውነትህን ነው» አለችና ምልክቱን አስተካከለች።

ከእንግዲህ «የቀበናዋ» የሚላት የለም።