ዐሥራ አራት ዙር

ባልቴቷ ፓምፕ እጅ ታቃጥላለች። ኦፕሬተሩ መዳፉን ሆዷ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሳው። ሞተሯ ይዞራል፣ ታጓራለች፣ ግን አንዲት ጠብታ አትገፋም፤ የያዘችውን ውኃ እዚያው ስታማስለው ግማሽ ሰዓት አለፋት። አጠገቧ ትናንት የተተከለው ጎረምሳ ፓምፕ ብቻውን ይፎክራል።

መሐንዲሷ ጠረጴዛው ላይ በዘረጋችው ወረቀት ላይ ተደፍታለች። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው መስመር የቧንቧው ነው፤ ውኃው በበዛ ቁጥር ፍትጊያው ስለሚብስ እየሄደ ዳገት ይሆናል። ከላይ የሚወርደው የሁለቱ ፓምፖች ድምር ነው። መስመሮቹ የተገናኙበትን ቦታ በቀይ ከባ «115» ብላለች፤ በሰዓት መቶ ዐሥራ አምስት ሜትር ኩብ ውኃ ማለት ነው። የግድግዳው ቆጣሪ ግን ከ78 ንቅንቅ አላለም።

«ሁለት ፓምፕ ስለተከልን ሁለት እጥፍ ውኃ አይመጣም፤ እሱን አውቃለሁ» አለች፣ ለራሷ ይሁን ለእሱ ሳይለይ። «ግን እንዴት ምንም አይጨምርም? ግፊቱ ከባልቴቷ አቅም በላይ ሆኖ የመውጫ ክዳኗን ዘግቶባታል። የሆነ ነገር ቧንቧውን አንቆታል።» ቀና አለች። «ጋሼ፣ ቫልቮቹ ሁሉ ሙሉ ክፍት ናቸው ብለውኛል አይደል?»

«ሙሉ ክፍት ናቸው፣ ልጄ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

መሐላው ከአፉ ሲወጣ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አሸሸ።

ከጀርባዋ የእሱ የሽልማት ምስክር ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል። ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ኮረብታው የሚወጣው ቧንቧ ታች ሰፈር ላይ ፈንድቶ የአንድ ቤት ግድግዳ ሲያፈርስ፣ እሱ ማንንም ሳይጠይቅ ከጣቢያው ጀርባ ጉድጓድ ወርዶ ዋናውን ቫልቭ ዐሥራ አራት ዙር አዙሮ በከፊል ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ቧንቧው ፈንድቶ አያውቅም። አለቆቹ ተደነቁ፣ ሸለሙት፣ «ጥንቁቁ» የሚል ስምም ወጣለት። መዝገብ ላይ ግን አልጻፈውም፤ ዛሬ ነገ ሲል ሽልማቱ ቀደመው። ከሽልማት በኋላ ደግሞ ማን ይናዘዛል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሱ እውነት ግን ጉድጓድ ውስጥ ዝጎ ተቀመጠ።

የመሐንዲሷ ስልክ ጮኸ። ኃላፊው ነው፤ ቁጣው እሱ ዘንድ ድረስ ይሰማል። «አንድ ፓምፕ ቢጨመር ይበቃል ያልሽው አንቺ ነሽ! የኮረብታው ሆስፒታል ታንከር ሊያልቅ ነው። እስከ አምስት ሰዓት ካልተስተካከለ ወረቀትሽን ጠቅልለሽ ውጪ!»

«እሺ» አለች። ከንፈሯን ነክሳ ስሌቱን እንደገና ከላይ ጀመረች፤ ለአራተኛ ጊዜ።

ያኔ የእሱም ኪስ ነዘረ። የመጨረሻ ልጁ ናት፤ ከዚያው ሆስፒታል። ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ደሟን የሚያጥብላት ማሽን ያለ ውኃ አይሠራም።

«አባዬ፣ ዛሬም ሊያቆሙት ነው አሉ።» ትንፋሿ አጭር ነው። «ባለፈውም ዘለልኩ እኮ። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል። የውኃ ሰው ልጅ ሆኜ ውኃ ልጣ?» ሳቀች። ከልጅነቷም ሲጨንቃት ትቀልዳለች።

ስልኩን ዘጋ። ባለፈውም ውኃው ሲጠፋ የእሱ እጅ ነበረበት። ፈራ፤ ሥራውን፣ ስሙን፣ ለጡረታ የቀረችውን አንድ ዓመት ፈራ። ከሁሉ አብልጦ ግን ያቺን ሳቅ ፈራ።

«ልጄ» አለ። «ስሌትሽን ተይው፤ ልክ ነው። የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ዋናውን ቫልቭ። ከኋላ ያለውን። እንዳይፈነዳ ብዬ።»

ስድብ ይጠብቅ ነበር፤ እሷ ግን «ብንከፍተውስ፣ ይፈነዳል?» አለች።

«እኔ እንጃ።»

ሰዎቹን ከቧንቧው ዳር እንዲያርቅ፣ ውኃ ሲያፈስ ካየም እንዲደውል ብሎ የጣቢያውን ዘበኛ ወደ ታች ሰፈር ላከው። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። የዛገው የቫልቩ መሪ አልዞር አለው። በብረት ቱቦ ሲጫነው አንዴ ጮኾ ተነቃነቀ። አንድ። ሁለት። መሐንዲሷ በመስኮት የግፊቱን ልክ ትጠራለታለች። «ስምንት ተኩል! ስምንት ከሩብ! ቀስ፣ ጋሼ፣ በናትዎ ቀስ!»

ዘጠነኛው ዙር ላይ ፓምፕ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ድም አለ። የባልቴቷ ክዳን ነው።

«ከፈተች! መግፋት ጀመረች!» መሐንዲሷ ድምጿ የሕፃን ሆነ። «ዘጠና! ዘጠና ስድስት!»

ዐሥራ አራተኛውን ጨርሶ ከጉድጓዱ ወጣ። ተመልሶ ሲገባ ቆጣሪው 112 ይላል። ባልቴቷን ዳሰሳት፤ መቀዝቀዝ ጀምራለች። መሐንዲሷ የጣቢያውን መዝገብ ገልጣ ጠበቀችው።

«የዘጉበትን ቀን ያስታውሳሉ?»

«ቀኑን? ከነሰዓቱ ነዋ።»

እስክሪብቶውን በዝገት በቀላ ጣቱ ተቀበለ። ገጹን ሳይነካ ኪሱ ነዘረ። ልጁ ልትሆን ትችላለች። ከታች ሰፈር ዘበኛውም ሊሆን ይችላል።

«ያንሱት እንጂ፣ ጋሼ!»

«አነሳዋለሁ። ይቺን መስመር ብቻ» አለ። «ካነሳሁት በኋላ ለመጻፍ ልቤን አላምነውም።»

ስልኩ እየነዘረ፣ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ።